የሚታጠፍ ልክና የሚያጥፈው እጅ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዐውራ ጎዳና ወደ እንጅባራ ደጋ ከመውጣቱ በፊት በሚያልፍባት በዳንግላ፣ የክረምት ዝናም እስኪያባራ ድረስ በአንዲት ብስክሌት መጠገኛ ደጃፍ ተጠልዬ ሳለሁ፣ አንድ ጠጋኝ የተሰበረ የብስክሌት ፍሬም ሲያድን ተመለከትሁ። «ሲያድን» ማለቴ ቃል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሰውዬው ብረቱን የያዘበት አያያዝ ወጌሻ የሕፃን ክንድ ከሚይዝበት አያያዝ የማይለይ ስለ ነበረ ነው። ዋናው ቱቦ ከመሪው አንገት ሦስት ጣት ያህል ወረድ ብሎ ተቆርጧል። ጠጋኙ በመጀመሪያ የተቀደደውን ከንፈር በመጋዝ አስተካከለ፤ ቀጥሎ ቀለሙን በሞረድ ፍቆ ነጩን ብረት አወጣ፤ ከዚያም ከዋናው የሚቀጥን፣ ስንዝር የሚያህል ሌላ ቱቦ ቆርጦ እኩሌታውን በአንዱ ወገን፣ እኩሌታውን በሌላው ወገን ሆድ ውስጥ እየመታ አስገባና፣ ስብራቱ ከንፈር ለከንፈር ሲገጥም ለጎረቤቱ ለበያጁ ሰጠው። ብየዳው ከበረደ በኋላ ያደረገው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን ሳበው። ክር አወጣና ከኋላው ጎማ መያዣ በአንደኛው ጫፍ አስሮ፣ በመሪው አንገት አዙሮ፣ ወደ ሌላው ጫፍ መልሶ ወጠረው፤ ክሩ ከኮርቻው ቱቦ በግራና በቀኝ የሚርቀውን ርቀት በጣቱ እየለካ፣ ቀኙ ከግራው እስኪተካከል ድረስ ፍሬሙን በጉልበቱ ተደግፎ ጥቂት በጥቂት አቃናው።

ብስክሌቱን ያመጣው ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ዝም ብሎ ሲመለከት ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ አሁን ይኼ የወንድሜ ብስክሌት ነው ይባላል?» ሲል ጠየቀ። ጠጋኙ ፍሬሙን ገለበጠና፣ ፔዳሉ ከሚዞርበት ሥር የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ እያሳየው፣ «ምን ሆነና! ቁጥሩ ይኸው» አለው። ልጁ ግን በመልሱ የረካ አልመሰለም፤ «ከበፊቱ ጠንክሯል እኮ» አለ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች ተጣምረው ይገኛሉና። አንደኛው፣ አንድ ነገር እየተለወጠ ያው ራሱ ሆኖ የሚቆየው እስከ የት ድረስ ነው የሚለው የፈላስፎች ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ያን ወሰን የሚወስነው ማን ነው የሚለው የዳኞችና የካህናት ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ጠጋኙ የሰጠው መልስ በቂ አልነበረም፤ ቁጥሩ ስም እንጂ ባሕርይ አይደለምና፣ ቁጥሩን የያዘውን ቁራጭ በመጋዝ ቆርጦ በሌላ ፍሬም ላይ ለመበየድ የሚሳነው ሠራተኛ የለም።

ይህን የሥራ ፈት ሰው ጥያቄ ነው የሚል ቢኖር፣ ብስክሌት እየሠሩ የሚወዳደሩትን ሰዎች ክርክር ይስማ። በአሜሪካ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ሽዊን የተባለው ፋብሪካ ስቲንግሬይ የሚባለውን፣ ፍሬሙ አጭር፣ መሪው ረጅም፣ መቀመጫው ሙዝ የሚመስል የልጆች ብስክሌት ካወጣ ወዲህ፣ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ከሜክሲኮ ወገን የተወለዱ ወጣቶች፣ ታላላቆቻቸው መኪናቸውን ወደ መሬት ዝቅ እያደረጉ እንደሚያስጌጡት ሁሉ እነርሱም ብስክሌታቸውን ማስጌጥ ጀመሩ። ነገሩ አድጎ ውድድር ሲሆን ተወዳዳሪዎቹን በየደረጃቸው መለየት ግድ ሆነና፣ ደረጃው በፍሬሙ ላይ በተደረገው ለውጥ መጠን የሚለካ ሆነ፤ ፍሬሙ ያልተነካ ለብቻው፣ ጥቂት የተነካ ለብቻው፣ ፈጽሞ የተለወጠ ለብቻው ይቆማል። ሕጉ ሲነበብ ቀላል ነው፤ መከራው የሚጀምረው ሲተረጎም ነው። በሁለት ቱቦዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በላሜራ የደፈነ ሰው ፍሬሙን ለወጠው እንበል ወይስ አስጌጠው? ላሜራው በብየዳ መያዙ ቀርቶ በብሎን ቢታሰርስ? ሁለት ቦታ የደፈነ ሰው ለውጡ አንድ ተብሎ ይቆጠርለት ወይስ ሁለት ተብሎ ይቆጠርበት? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሡት ሰዎች ፍልስፍና እናጠናለን ብለው የተነሡ አይደሉም፤ ወራት የለፉበት ሥራ በየትኛው መደብ እንደሚቆም ለማወቅ ብቻ የፈለጉ ናቸው። ዳሩ ግን መንገዱ ሳያውቁት ወደ ጥንቱ ክርክር ይመልሳቸዋል።

የጥንቱ ክርክር የምለው ፕሉታርክ የጻፈው የቴሴዎስ መርከብ ነገር ነው። አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ስለ ኖሩ፣ ፈላስፎቹ ገሚሶቹ «ያችው ናት» ገሚሶቹ «ሌላ ናት» እያሉ ተለያዩባት። ዳንግላና እንጅባራ የሚገኙበት የአዊ ሰው ግን ስለዚህ ነገር ለማሰብ ወደ አቴና መሻገር አያሻውም። በየደብሩ አያቶቻችን በእንጨትና በጭቃ ሠርተው በሣር የከደኑት ቤተ ክርስቲያን፣ በአባቶቻችን ዘመን ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ወጣበት፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ጭቃው ፈርሶ ድንጋይና ሲሚንቶ ተተካበት፤ ዙሪያውን ካሉት ጥድና ወይራ በቀር አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ያልቀረበት ደብር ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም በክብረ በዓሉ ቀን ደጁን የሚሳለም ሽማግሌ «የጥንቱ ጊዮርጊስ» ይላል እንጂ አዲስ ጊዮርጊስ ተተከለ አይልም፤ ታቦቱ ያው ነውና። ቅዱሱን ነገር ከብረት ጋር ላስተያይ አልደፍርም፤ ሆኖም ሕዝባችን በትምህርት ቤት ሳይሆን በልማዱ የሚያውቀው ምሥጢር ከዚህ ይገኛል፤ አንድ ነገር ያው ራሱ መሆኑ የሚታወቀው ከጥንቱ በቀረው የቁስ ብዛት ሳይሆን፣ የቆመበትን ምክንያት ተሸክሞ የሚኖረው ነገር ሳይነካ በመቆየቱ ነው። እንግዲህ ፍሬም የቆመበት ምክንያት ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ።

የጌጥና የአካል ወሰን የት ነው የሚለው ጥያቄ በፈረስ ላይ አይነሣም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የተገኘ ሰው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት፣ የዓድዋን ዘመቻና የአርበኞቹን ተጋድሎ እያስታወሱ ፈረሶቻቸውን ሲያሰግሩ ያያል። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ በአንገቱ ዙሪያ የሚንጠለጠለው ጌጥ ሁሉ የጌታውን እጅና ሀብት ይገልጻል፤ ከግላሱ በታች ያለውን አጥንት ግን ማንም አልሠራውም፣ ማንም አያስረዝመውም። ጌጥና አካል በፈረስ ዘንድ ተለይተው የሚታወቁት አካሉን የሰጠው ፈጣሪ፣ ጌጡን የጨመረው ሰው ስለ ሆነ ነው። በብስክሌት ግን አካሉም ጌጡም የሰው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ወሰኑን ከተፈጥሮ ጠይቀን ልንረዳው አንችልም፤ ሰዎች ተስማምተው ካቆሙት ሕግ እንጠይቀዋለን እንጂ። ሕግም ሲጠየቅ የሚመልሰው በተርጓሚ አፍ ነው።

እስኪ በሕሊናችን በእንጅባራ አንድ ውድድር እንትከል። ሕጉ አንዲት መስመር ብቻ ትሁን፤ ተወዳዳሪ ሁሉ የፍሬሙን ቅርጽ ሳይለውጥ ብስክሌቱን ያሻሽል የምትል። ሦስት ልጆች ይምጡ። አንደኛው በዳንግላ እንዳየሁት ያለ፣ ተሰብሮ በሆዱ ሌላ ቱቦ ገብቶለት የተበየደ ፍሬም ይዟል። ሁለተኛው አልሰበረም፣ አልበየደምም፤ ነገር ግን እንዲቀልለት ቱቦውን ሌሊት ሌሊት በሞረድ እየፋቀ አሳስቶታል፤ ቀለሙን መልሶ ስለ ቀባው ለዐይን አንዳች አይታወቅም። ሦስተኛው ከብረት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ያመጣው የቀርከሃ ብስክሌት ነው።

ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ጥቂት ብዘገይ አንባቢ ይቅር ይለኛል፤ ቀርከሃ የእንጅባራ ሰው ከእናቱ ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ነውና። በእንጅባራ ዙሪያ ያለው የባንጃ ደጋ ቀርከሃ እንደ ቆላው ቀርከሃ ውስጡ የተሞላ አይደለም፤ ቱቦ ነው፤ በየአንጓው በተፈጥሮ መጋረጃ የተዘጋ፣ ቀላልና ጽኑ ቱቦ። ምንጣፉ፣ ወንበሩ፣ አጥሩ፣ ቅርጫቱ ከዚህ ይሠራል፤ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥም አላፊ አግዳሚው ያያል። ቀርከሃ ለብስክሌት ፍሬም መሆን መቻሉም አዲስ ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር በ1894 እ.ኤ.አ. የቀርከሃ ብስክሌት ተሠርቶ ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ በዘመናችንም በጋናና በሌሎች አገሮች፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች ተነሥተዋል። ቀርከሃ አይበየድም፤ ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ቦታ እንደ ቃጫ ያለ ጭረት በጽኑ ሙጫ እየተነከረ ይጠመጠምበትና ሲደርቅ እንደ አጥንት ይጠነክራል። እንግዲህ ይህ ልጅ በዳኞቹ ፊት ቆሞ «ሕጉ የሚናገረው ስለ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹ እንደ ብረቱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የተለወጠው ቁሱ ነው» ቢል ምን እንመልስለታለን? ሁለተኛውም ተነሥቶ «ቅርጹም ያው፣ ቁሱም ያው፤ የቀነስሁት ክብደት ብቻ ነው» ቢልስ? በንባቡ ከሄድን ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ምናልባት የሚቸገረው ጠባሳው የሚታየው፣ ያ ምስኪን አንደኛው ነው።

በእኛ አገር የመጽሐፍ ትምህርት ሥርዓት ንባብና ትርጓሜ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይሰጣሉ፤ ንባቡን ብቻ የጨረሰ ሰው ገና መጽሐፉን ዐወቀ አይባልም። በትርጓሜው ቤት መምህሩ «አንድም» እያለ ለአንድ ኃይለ ቃል ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም የሚበልጥ ፍቺ ያወርዳል፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ነገር ግን መምህሩ ይህን ያህል ሥልጣን ሲኖረው ከንባቡ አንዲት ፊደል አይነቅልም። ለፍቺው ስፋት ዋሱ የንባቡ አለመነካት ነው። ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ዶግማና ቀኖና ብላ ትለያለች፤ ዶግማ የሃይማኖት መሠረት ስለ ሆነ አይጨመርበትም አይቀነስበትም፤ ቀኖና ግን መሠረቱን ለመጠበቅ የቆመ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ጊዜና ቦታ ሲጠይቅ በሲኖዶስ ሊሻሻል ይችላል። ሕግ ተርጓሚ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው፤ በእጄ ያለው ቃል መሠረቱ ነው ወይስ የመሠረቱ አጥር? «የፍሬሙ ቅርጽ አይለወጥ» የሚለው ቃል አጥር ነው። በአጥሩ ውስጥ ያለውም፣ እኔ እንደማስበው፣ ገንዘብና የብየዳ መኪና ያለው ልጅ የሌለውን ልጅ በሀብቱ ብቻ እንዳይበልጠው፣ ደግሞም የተቀመጠበት ፍሬም ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ የማንም እናት እንዳታለቅስ ነው።

አርስጣጣሊስ ስለ ርትዕ ሲናገር፣ የሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ይጠቀሙበት የነበረውን የእርሳስ ልክ ምሳሌ አድርጎ ያመጣል። የብረት ልክ ድንጋዩን ወደ ራሱ ያስገድዳል፤ የእርሳሱ ልክ ግን የድንጋዩን ጎባጣ ተከትሎ እየታጠፈ ይለካል። ሕግ አውጪ ለሁሉ በአንድ ቃል ስለሚናገር ቃሉ የማይደርስበት ነገር መገኘቱ አይቀርም፤ ርትዕ ማለትም ሕግ አውጪው በዚያ ቦታ ቢኖር ኖሮ የሚናገረውን መናገር ነው። ይህ ትምህርት እጅግ ያማረ ነው፤ ብቻውን ግን ያስፈራኛል። ልክ ከታጠፈ በማን እጅ ይታጠፍ? ድንጋዩ ራሱን የሚለካበትን ልክ ራሱ ያጥፍ ዘንድ ከተፈቀደለት፣ የጎበጠ ድንጋይ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አይገኝም።

ለዚህ የሚሆነውን መልስ በግሪኮቹ ዘንድ ፈልጌ ያላገኘሁትን በንስሐ ሥርዓታችን አገኘሁት። አንድ ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ሲናዘዝ፣ ካህኑ የሚሰጠው ቀኖና ለሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለብርቱው ጾምና ስግደት የሚያዝዘው ካህን ለበሽተኛው ይህን አያዝዝም፤ ለድኻው ምጽዋት ሳይሆን ጸሎት ያዝዛል፤ ለአራስ፣ ለሽማግሌ፣ ለመንገደኛ እንደ ዐቅማቸው ይቀንሳል። እንግዲህ የእርሳሱ ልክ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚታጠፍ ሕግ የለም። ነገር ግን ተነሳሒው ቀኖናውን ለራሱ አይወስንም። እርሱ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያደረገውን ሳይሸሽግ ይናገራል። መናገር የእርሱ፣ ማጠፍ የካህኑ ነው። ካህኑም በበኩሉ በተነሳሒው ቀኖና የሚያገኘው ጥቅም ሊኖር አይገባም፤ ጥቅም ያለው ካህን ልኩን ወደ ተነሳሒው ዐቅም ሳይሆን ወደ ገዛ ፍላጎቱ ያጥፈዋል።

ይህ የእጅ ነገር ምን ያህል እንደሚያደርስ የብስክሌት ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው፣ ጋላቢው በጀርባው ጋለል ብሎ በሚነዳው ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ብስክሌት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አዲስ ፍቺ አወጣና የሞሼን ሥራ ከፍቺው አውጥቶ ለብቻው መደብ ሰጠው። ለብቻው መደብ መስጠታቸውን አልነቅፍም፤ ሁለቱ በእውነት የተለያዩ ናቸውና። የምነቅፈው ፍቺው የተጻፈው አሸናፊው ከታየ በኋላ መሆኑን ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ግሬም ኦብሪ የተባለ ስኮትላንዳዊ፣ ከልብስ ማጠቢያ መኪና ያወጣውን ኩሽኔታ ጭምር እየተጠቀመ በገዛ እጁ በሠራው ብስክሌት፣ ክንዶቹን ከደረቱ በታች አጥፎ የሚቀመጥበትን አዲስ አቀማመጥ ፈጥሮ፣ በ1993 በኖርዌይ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ሄደ። በማግስቱ ዓመት በፓሌርሞ የዓለም ሻምፒዮና፣ ውድድር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አቀማመጡ ክልክል መሆኑን ነገሩት፤ በዚያው አቀማመጥ በመጋለቡም ከውድድሩ ሰረዙት። ያን ጊዜ ልኩን ያጠፈው እጅ የዳኛ እጅ ነበር፤ ነገር ግን የታጠፈው ሰውዬው ከተለካ በኋላ ስለ ነበረ ፍርድ ሳይሆን ጠብ መሰለ።

ማኅበሩ ምንም ምክንያት አልነበረውም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካፍላ ብስክሌተኞቹን እነ ገረመው ደንቦባን ወደ ሜልቦርን ስትልክ፣ የድኻ አገር ልጅ ከባለጸጋ አገር ልጅ ጋር ሊሽቀዳደም የሚችለው ማሽኖቹ ተቀራራቢ እስከ ሆኑ ድረስ ብቻ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። የብስክሌቱ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነም ከአንድ ሰው ታሪክ ይታያል። ክሪስ ቦርድማን የተባለ ጋላቢ በ1996 እ.ኤ.አ. በተራቀቀ ብስክሌትና በተዘረጋ አቀማመጥ በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሳለ፣ ማኅበሩ በ2000 ክብረ ወሰኑን ኤዲ ሜርክስ በ1972 በሜክሲኮ ወደ ሄደው 49.431 ኪሎ ሜትር መልሶ፣ መወዳደር የሚፈልግ ሁሉ የሜርክስን በመሰለ ብስክሌት ይወዳደር አለ። ያው ቦርድማን እንደ ጥንቱ ባለ ብስክሌት ተቀምጦ የሄደው 49.441 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ከሜርክስ የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነው። የዕድሜውንና የድካሙን ቀንሰን እንኳ ብንቆጥር፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ልዩነት የሚበዛው የፍሬሙና የአቀማመጡ ነበር። ታዲያ ለንጽሕና መለኪያ የሆነው የሜርክስ ብስክሌትም ቢሆን እንዲቀልለት ሰንሰለቱ ሳይቀር ተበሳስቶ ነበር።

በዚህ ነጥብ ሁለተኛው ልጅ፣ ያ ሌሊት ሌሊት የፋቀው፣ ተነሥቶ «ለሜርክስ የተፈቀደው ለእኔ ለምን ይከለከላል?» ሊለኝ ይችላል፤ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። እኔ የምመልስለት ግን ይህን ነው፤ የሜርክስ ሰንሰለት ቀዳዳው ለሁሉ ይታይ ነበር፤ የአንተ ሥራ ግን በቀለም ተሸፍኗል። ብረቱን በማሳሳትህ ልክ አልፈሃል አላለፍህም ብዬ ለመፍረድ እንኳ ልኩን በእጄ አላገኘሁትም፤ አንተ አስቀድመህ በጨለማ አጥፈኸዋልና። ደግሞም የሳሳው ቱቦ የሚሰበረው ያው የዳንግላው በተሰበረበት፣ ከመሪው አንገት ሥር ነው፤ ስለዚህ አጥሩን ብቻ ሳይሆን በአጥሩ ውስጥ ያለውንም ነክተሃል። ለባለ ቀርከሃው ደግሞ፣ ያመጣኸው የሚያኮራ ነው፣ ነገር ግን የተጻፈው ሕግ አንተን ሳያስብ የተጻፈ ነውና በዚህ መደብ ብናስገባህ ሌሎቹን፣ ብናስወጣህ አንተን እንበድላለን፤ ስለዚህ ዛሬ ሥራህን በክብር እናሳይ፣ ለከርሞውም ማን እንደሚያሸንፍ ማንም ሳያውቅ፣ አሁኑኑ፣ ለቀርከሃ መደብ እንጻፍ እለዋለሁ። ምናልባት በዚህ ፍርድ ባለ ቀርከሃው ያዝን ይሆናል፤ እኔም አዝንለታለሁ።

የቀረው አንደኛው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝም እርሱ ነው። መጠገን ወደ ነበረው ይመለከታል፣ መለወጥ ወዳልነበረው ይመለከታል ብዬ ልለያቸው ሞክሬ ነበር፤ በዚህም መለያ የጠጋኙ ክር ይመሰክርለታል፤ ክሩ የጠየቀው ፍሬሙ የተሻለ ይሆን ዘንድ ሳይሆን የቀድሞውን ቅንነት ያገኝ ዘንድ ነውና። ዳሩ ግን በሆዱ የገባው ቱቦ ከቀድሞው አጠንክሮታል፤ ልጁ ራሱ ይህን ዐውቆ ተናገረ። ከሁለቱ ፍሬሞች የትኛው ነው እውነተኛው የወንድሙ? የፋብሪካው ቅጥነት ያለው፣ ነገር ግን ተሰብሮ የወደቀው? ወይስ ጠባሳ ያለበት፣ ነገር ግን ወንድሙን ተሸክሞ ሊሄድ የሚችለው? እኔ ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ፍሬም የቆመበት ምክንያት ሰው መሸከም ነውና፤ ይህን የምለው ግን ልጁ ስላልሸሸገኝ ነው።

በዚያ ቀን ዝናሙ አባርቶ ልነሣ ስል፣ ጠጋኙ ከመደርደሪያው ጥቁር ቀለም አወረደና ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጠባሳውን ላጥፋልህ? ሁለት ደቂቃ ነው» አለው። ልጁ ፍሬሙን ወደ ራሱ ሳበ።

«ተወው ጋሼ፤ ወንድሜ ይየው» አለ።